መርፌ ወይራዋን ያጠጣች ጊዜ

ሰው በሰው ይቀናል፣ ያለ ነው። በጎረቤት ቤት ይቀናል፣ በእህቱ ጫማ ይቀናል፣ በሰው ባልም የምትቀና አለች፣ እሷን እግዜር ይይላት። በዛፍ የቀናች ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ልብስ ሰፊዋ ናት።

መርፌ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ግማሹ በሙያዋ ነው ይላል፣ ግማሹ በምላሷ ነው ይላል፣ ማናቸውም አልዋሹም። እስከ አርባ ሁለት ዓመቷ ባል የሚባል ነገር ደጇ ላይ አልቆመም። ማለፍስ ያልፋል፤ ቁልፍ አስተክሎ፣ ዚፕ አስቀይሮ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም። «እኔ በማንም ቀንቼ አላውቅም» ትል ነበር፣ ያውም ሳይጠይቋት። ውሸቷን ነው። የታናሽ እህቷን የሙሽራ ቀሚስ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ብብቱ ጋ ሆን ብላ ግማሽ ጣት አጠበበችው። ሙሽሪት ቀኑን ሙሉ እጇን ሳታነሳ ዋለች። ሰው «ምን ዓይነት ጭምት ናት» እያለ አደነቃት፣ መርፌን ይሄም ቆጫት።

አናጢው የመጣው የስራ ሱሪውን ጉልበት ሊያስጥፍ ነው። ሚስቱ ሞታበት አምስት ዓመት የቆየ፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ሶስተኛው ሱሪ ቀዳዳው በመጋዝ የተከፈተ እንደሆነ መርፌ ጠፍቷት አይደለም፤ ጨርቅ ሲያልቅና ሲቆረጥ ለይታ ታውቃለች። ዝም ብላ ጣፈችለት። ወደ አራተኛው ሱሪ ሳይደርሱ ተጋቡ።

ቤቱ በገባች በመጀመሪያው ጠዋት ዓይኗ የፈለገው የሟችን ዱካ ነው። ቁም ሳጥን ከፈተች፣ ትራስ ገለበጠች፣ ከአልጋ ስር በመጥረጊያ ጎረጎረች። ምንም የለም። ሰውየው ጨዋ ነው። ልብሱን ለዘመድ አከፋፍሏል፣ አሮጌውን አልጋ አውጥቶ አዲስ በእጁ ሰርቷል፣ ፎቶግራፏን እንኳ ለእህቷ ሰጥቷል። ፎቶው ተሰቅሎ የኖረበት ግድግዳ ነጣ ብሎ ቢያስቸግረው ክፍሉን በሙሉ ቀለም ቀብቶታል። መርፌ ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ከፋት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ለቅናት ተዘጋጅታ መጥታ የምትቀናበት ነገር ስታጣ እንግዳ ጠርቶ እንግዳ እንደቀረበት ሰው ሆነች።

ከዚያ የጓሮውን በር ከፈተች።

ያ አገር ደረቅ ነው። ዝናቡ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ መጣሁ ይላል፣ ይቀራል፣ ሲመጣም ቁጭ ሳይል ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ በሶስት ቀን አንዴ ነው፣ እሱም ለተሰለፈ። በበጋ የሰፈሩ ግቢ ሁሉ አመድ ይለብሳል። በዚያ ሁሉ አመድ መሃል፣ ከአናጢው ጓሮ፣ አንዲት ወይራ ቆማለች። ለመርፌ ትከሻዋ ጋ ትደርሳለች። ቅጠሏ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ከስሩ ደግሞ ነጣ ያለ ብርማ፤ ነፋስ ሲነካት ካፖርት ገልባ ገበሯን የምታሳይ ሴት ትመስላለች። ገበሩም ጥሩ ገበር ነው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች መርፌ።

«ወይራ ናት» አለ አናጢው። ትንሽ ቆየና ጨመረ፤ «እሷ ናት ያበቀለቻት።»

በዓመት የማይናገረውን ያን ጠዋት ተናገረ። ሟች ችግኝ ጣቢያ ነበር የምትሰራው። የወይራ ፍሬ ውስጡ ድንጋይ ነው፤ እንዲሁ ብትቀብሪው ዓመት ይተኛል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይነቃ። እሷ መቶ ፍሬ ለቅማ ስጋውን አጥባ፣ አንድ በአንድ በእሱ ሞርሳ፣ ያው እንጨትና ብረት ጥፍንግ አድርጎ በሚይዘው መሣሪያ፣ መሃል አስገብታ ቀስ ብላ ታጠብቅ ነበር፤ ጠቅ እስኪል ብቻ። ከዚያ ካለፈ ፍሬው ይደቃል፣ ከዚያ ካነሰ እንቅልፉን አይተውም። ከመቶው አስራ አንድ በቀሉ። ከአስራ አንዱ አንዷ ኖረች። ጉልበት ስትደርስ ባለቤቲቱ ታመመች፣ ሞተች። ይኸው ከዚያ ወዲህ እሱ ነው የሚያያት።

መርፌ አዳመጠች፣ አዳመጠችና «ጎበዝ ነበረች» አለች። ያን ቃል ለመዋጥ ምሳ ሰዓት ድረስ ፈጀባት።

የሰውየውን አኳኋን እዩልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ጀሪካን ውሃ፣ ከግንዷ ራቅ አድርጎ፣ ዙሪያዋን በቀስታ። ሟች ባለችው ልክ፣ ጠብታ አይጨምርም፣ ጠብታ አይቀንስም። በወር አንዴ እሁድ ጠዋት ሜትሩን ይዞ ይለካታል፤ ያደገችውን በእርሳስ የእንጨት ስራ ክፍሉ በር መቃን ላይ ይጭራል። መርፌ አጠገቡ ቆማ ታያለች። እሷ ስንቴ ለክታዋለች! ደረቱን፣ ወገቡን፣ የክንዱን ርዝመት በቃሏ ታውቃለች። እሱ ግን አንድ ቀን ዞር ብሎ ‹አንቺስ ስንት ነሽ› ብሏት አያውቅም። ሰው እንዴት ከእንጨት ያንሳል? አናጢ ካገባ ሊያንስ ነው እንዴ? እንዲህ እንዲህ እያለች ትብከነከናለች።

ነገሩን ያባሰችው ደግሞ ጎረቤቲቱ ናት፣ ባለ ቧንቧዋ። ሰፈሩ ከእሷ ግቢ ነው ውሃ የሚቀዳው፤ ስለዚህ የማትሰማው ወሬ የለም፣ የሰማችውንም አታስቀርም። ወረፋው ላይ መርፌን አጠገቧ አቁማ ታጫውታታለች። ሟች እጇ እንዴት ይባርክ እንደነበር ትነግራታለች። ደረቅ መጥረጊያ ብትሰካ ያቆጠቁጥላት እንደነበር። ከዚያ ዓይኗን ስብር አድርጋ፣ «አንቺም እኮ ሙያ አለሽ የኔ እህት፣ ቁልፍ ትተክያለሽ» ትላታለች። ሰልፈኛው ይስቃል። መርፌም ትስቃለች፤ አንጀቷ ግን እንደተረሳ ካውያ ጨርቁን ያቃጥላል።

የሟች ታናሽ እህት ደግሞ አለች። እሷም እዚያው ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሰራው። በሁለት በሶስት ወር ብቅ ትልና ዛፏን ታያለች፤ አናጢውም አዲስ ቅጠል ባወጣች ቁጥር ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የሚነግራት ለእሷ ነው። ልጅቷ ቀጭን፣ ጨዋ፣ አክባሪ። ማክበሯ ነው የሚገለው። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ፣ እርስዎ አይነሱ» ስትላት መርፌ በአንድ ጊዜ ሰባ ዓመት ይሆናታል።

አንድ ቀን ታዲያ ቆረጠች። ባለ ቧንቧዋ አንዲት ፍየል አለቻት፣ የተሰጣ ልብስ የምትበላ፣ አጥር የማያቆማት። መርፌ አናጢው ስራ በሄደበት የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋ፣ ደጃፉ ላይ የድንች ልጣጭ ጣል ጣል አድርጋ፣ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። የስፌት መኪናው ድምፅ ትልቅ ነው፤ ሌላ ነገር አይሰማም። ፍየሊት ገባች። ከላይ ከላይ ያለውን ለጋውን ሁሉ አጨደችው፣ ጫፍ አልቀራትም። አናጢው ማታ መጥቶ አየና ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በር ማን እንደከፈተ ተጠየቀ፤ ነፋስ ነው ተባለ። ነፋስ ምን አፍ አለው።

ዳሩ ሁለት ወር አልሞላም። አንድ ጫፍ በተቆረጠበት ሁለት ሁለት፣ ሶስት ሶስት እያወጣች ወይራዋ ወፈረች። እንዲያውም ድሮ ሰልካካ የነበረችው ዳሌ አወጣች። እህትየው መጥታ አየቻትና ችግኝ ጣቢያም ሆን ብለው እንዲህ ጫፏን እንደሚቀጥፉ፣ ይቺ ፍየል ሙያ እንዳላት ተናገረች። አናጢው ሳቀ። መርፌ ክር በጥርሷ በጠሰች።

ቀጥሎ ሰውየው ሩቅ ቦታ የትምህርት ቤት ወንበር ሊሰራ ሶስት ሳምንት ሄደ። ሲሄድ የነገራት አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ጀሪካን። ‹ራስሽን ጠብቂ› እንኳ አላላትም፣ ወይም ብሎ ይሆናል፣ እሷ የሰማችው ግን ጀሪካኑን ነው። እሺ አለች። ጠብታ አልሰጠቻትም። ጸሀዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅበት ወር ነው። የሰፈሩ አበባ ሁሉ ተቃጠለ፣ የባለ ቧንቧዋ ፓፓያ እንኳ ቅጠሏን አንጠለጠለች። መርፌ በየጠዋቱ ጓሮ ወጥታ ታያለች፤ ወይራዋ እንዳለች ናት። ‹ዛሬስ› ብላ ትወጣለች፤ ዛሬም እንዳለች ናት። የደረቅ አገር ልጅ ናት፣ ጥምን በእናቷ ሆድ ነው የለመደችው።

አሁን ነው ጉዱ። አናጢው በሶስተኛው ሳምንት ገባ፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ጓሮ ወጣ። ሜትሩን ዘረጋ። አንድ ጣት አድጋለች። ዞር አለና መርፌን አያት፤ በዚያ ቤት ከገባች እንዲያ አይቷት አያውቅም። «ከእኔ አስበልጠሽ ነው የያዝሽልኝ» አላትና ግንባሯን ሳማት።

ያልሰራችበትን ምስጋና ተቀበለች። ያልሰሩበት ምስጋና ደግሞ እንደ ሰው ማር ነው፤ አንዴ ጣት ከነከሩ አይቆምም። ያን ቀን ከሰዓት አንድ ቀሚስ ሁለቴ አጣማ ሰፍታ ሁለቴ ፈታች። ለካስ ይቺን ዛፍ መግደል አይደለም ጥበቡ። መውሰድ ነው። በሟች ልክ ስትጠጣ በስንት ዓመት ትከሻ ከደረሰች፣ መርፌ በስድስት ወር ጣሪያ ታደርሳታለች፤ ያኔ ማን ናት ያበቀለቻት? ያኔ ‹እሷ› ሲል ማንን ነው የሚለው? ቅናት እንዲህ ነው እናንተ፤ በአንድ በር ሲያባርሩት ልብስ ቀይሮ በሌላው ይገባል፣ የፍቅርንም ኮት ይለብሳል።

ምክር ፍለጋ የሄደችው ማን ጋ መሰላችሁ? ባለ ቧንቧዋ ጋ። ፓፓያዋ ቅጠሏን ካንጠለጠለችበት ቀና ብላለች፣ ቁመቷም ጣሪያ አልፏል። ሚስጥሩ ምንድን ነው ብትላት፣ ሴትየዋ ፓፓያዋ ዙሪያ የቆፈረችውን ገንዳ መሳይ ነገር አሳየቻት። ውሃ እዚያ ይቆማል፣ ስሩ ይጠጣል፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ላዩ ላይ ፍግ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ። መርፌ አካፋ ይዛ ጓሮ ወጣች። ወይራዋ የተተከለችው ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው፤ መርፌ ይሄን ስታይ ገረማት፣ ውሃው ወደ ታች እየሸሸ እንዴት ትጠጣለች ብላ ሟችን በሆዷ ናቀቻት። ጉብታውን ናደችው። በቦታው ጥልቅ ገንዳ ቆፈረች። አፈሩ ደግሞ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም።

በዚያን ሰሞን አናጢው የአዲስ ክሊኒክ በሮች ይገጥም ነበር፤ የሚለካበት እሁድ ካልሆነ ሳያርፍ ማለዳ ይወጣል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይገባል። መርፌ ውሃ በመጣ ቀን ወረፋ ይዛ የሶስት ቀኑን በጀርባዋ አመላልሳ ታጠራቅማለች፣ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ለወይራዋ ትሰጣለች፣ ያውም ወገቧን እያመማት። የልብሱን ማለቅለቂያ ትጨምራለች፣ የሩዝ እጣቢ ትጨምራለች። ሰውየው ሳይነቃ ማስገረም ስለፈለገች እርጥቡን አፈር በእሱ ሰጋቱራና በደረቅ ቅጠል ጉብታ አስመስላ ትሸፍነዋለች። እሱም ቅዳሜ ግማሽ ጀሪካኑን ከላይ ይጨምርበታል። ለደንበኞቿ ልብስ እየለካች ሳለች ሳይቀር ሰዓት እያየች ትነሳለች። «ልጅ አለሽ እንዴ ጓሮ?» አለቻት አንዷ ሙሽራ። «አለችኝ» አለች መርፌ፣ ምላሷን አልያዘችውም። ልጅ አልወለደችም እኮ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆነ። ጠምቷት ነው ብላ ሶስተኛ ጀሪካን ጨመረች። ከዚያ የታችኛው ቅርንጫፍ ሁሉ ረገፈ። ክረምት ከበጋ ቅጠሏን የማታራግፍ ዛፍ እራቁቷን ስትቀር አያችሁ? መርፌ የረገፈውን ጠዋት ጠዋት እየለቀመች ሽርጧ ውስጥ ትሸሽጋለች፣ ከዚያ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ስር ትከተዋለች። አናጢው በምሽት ድንግዝግዝ ምኑንም አላየ። እሷ ግን ሙያዋ ሄደ። የሰው እጅጌ ግራውን በቀኝ ገጠመች። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለምነው፤ እሁድ ሳይደርስ አንዲት ለጋ ቅጠል እንድታወጣላት። ምክንያቱም እሁድ ይለካል፣ እሁድም እህትየው ትመጣለች።

እሁድ ቀረ እንዴ? መጣ።

ሶስቱም ጓሮ ወጡ። አናጢው ሜትሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እህትየው ጎንበስ ብላ ሰጋቱራውን ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ አንጓዋ ሰደደች፣ አወጣችና አሸተተች። ሽታው እስከ መርፌ ድረስ መጣ፤ ከርሞ የተረሳ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ይሸታል።

«ጉብታው የት ሄደ?» አለች ልጅቷ።

መርፌ የተገለጠውን ሰጋቱራ በእግሯ ጫፍ መለሰችው።

«ጋሼ፣ ስሯ በስብሷል። ወይራን ጥም አይገላትም፣ ውሃ ነው የሚገላት። ይሄን ያህል ውሃ ደግሞ በስህተት አይፈስም።» ወደ መርፌ ዞረች። ድምፅዋን አላነሳችም፣ አክብሮቷንም አልጣለችም። «እትዬ፣ የእህቴን ስም መስማት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ አይፈረድብዎትም። ይቺ ግን ምን አደረገችዎት?»

አናጢው መርፌን አያት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፣ የተቆጣ ወንድ ታውቃለች። እሱ ግን ያያት እሷ ራሷ ያለቀ ጨርቅ በምታይበት ዓይን ነው፤ ‹ይሄ ቢጣፍ የሚይዝ አይመስለኝም› ብላ ለባለቤቱ በምትመልስበት ዓይን። «አንቺ ነሽ?» አላት።

ውሸት አላጣችም። ሶስት አዘጋጅታ ነበር፤ የቧንቧ መፍሰስ አለ፣ የጎረቤት እጣቢ አለ፣ ሶስተኛው እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር። ግን ያን ዓይን አይታ ሶስቱንም ተወቻቸው። ይሄ ሰው ገዳይ ናት ብሎ ካመነ እዚህ ቤት አንድ ሌሊት አታድርም፤ ቢያሳድራትም አብሯት አይኖርም።

«እኔ ነኝ» አለች። «በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ኋላም ሶስት። ግን ልገላት አይደለም።»

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ማን ያምናል?

«ልገላት ብፈልግ እንዴት እንደማትሞት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለች መርፌ። «ፍየሏን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ነፋስ አይደለም፣ በሩን ከፍቼ፣ ልጣጭ በትኜ ነው። ሶስት ሳምንት የሄድክ ጊዜ ጠብታ አላቀመስኳትም። የሳምከኝ በውሸት ነው። ስጠላት ጊዜ ወፈረች፣ ዳሌ አወጣች። የታመመችው ልወዳት ስነሳ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ የባለ ቧንቧዋ ድምፅ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ የሰው ፍየል ያለ ፈቃድ ለክፉ ስራ መላክ ምን ይባላል እያለ ሲጠይቅ ተሰማ።

አናጢው ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ስራ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ። መርፌ ወደ ቤት ተመለሰች። ትልቁን መቀሷን፣ የጣት ቆቧን፣ ሜትሯን ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ከተተች። መኪናዋን ብቻዋን መሸከም ስለማትችል አጠገቡ ተቀመጠች። የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ እውነት ተናግሮ ከቤት መውጣት ዋሽቶ ከመውጣት ይሻል እንደሆን። አይሻልም። እንዲያውም ይከፋል፤ የዋሸ ሰው ቢያንስ የሚያስበው ውሸት አለው።

በሩ ተከፈተ። አናጢው መጋዝና አካፋ ይዞ ወጣ፣ ፌስታሉን አየ። «ነይ ያዢልኝ» አላት።

እህትየው እየመራች ሰሩት። ገንዳውን አፈረሱ፣ ጭቃውን ዝቀው አወጡ። ጥቁር የሆነውን ስር እየለየች ቆረጠችው፣ ነጭ የሆነውን በእጇ ጠረገችው፣ አሸዋና ጠጠር ደባልቀው መለሱ፣ ጉብታውን እንደገና ሰሩ። ከዚያ ግንዷ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ መቆረጥ አለበት አለች፤ ያን ያህል ቅጠል የሚያበላ ስር አልቀራትም። አናጢው መጋዙን ግንዷ ላይ አደረገና እጁ አልታዘዝ አለው። በህይወቱ ስንት ሺህ እንጨት የቆረጠ ሰው! መርፌ ግንዷን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችው። ቆረጠ። እህትየው ስትሄድ ያዘዘችው አንድ ነው፦ ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካት፣ ካቆጠቆጠች አቆጠቆጠች።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አናጢው ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። መርፌ ቆመች።

«እኔም ልንገርሽ» አለ፣ እጁን እያየ። «እሷ በህይወት እያለች ይቺን ዛፍ አንድ ቀን አጠጥቼላት አላውቅም። ሞርሳዬን በፍሬ አበላሸሽው እያልኩ ስጨቀጭቃት ነው የኖርኩት። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ‹አጠጣህልኝ?› ስትለኝ፣ ‹አጠጥቻለሁ› እላት ነበር። ጓሮውን እንኳ አልከፈትኩም። አምናኝ ነው የሞተችው። ያን ሰሞን ያልደረቀችው ወይራ ስለሆነች ነው።»

መርፌ አጠገቡ ተቀመጠች። ለካስ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መለካት የፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የህሊና ነበር። ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ትንሽ ቀለል አላት። ለትንሽ ጊዜ ነው ታዲያ። ወዲያው ሌላ ሀሳብ መጣባት፤ ‹ሳላጠጣ አጠጥቻለሁ› የሚለው ውሸት እንኳ በዚህ ቤት በእኔ አልተጀመረም፣ እሱንም ሟች ናት ከእሱ አፍ ቀድማ የሰማችው። ልብ እንዲህ ናት እንግዲህ፣ ተጠግና አታልቅም።

«ፌስታሉን ፍቺው» አላት።

ፈታችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። መርፌ መኪናዋን ከመንገዱ መስኮት አንስታ ከጓሮው በር አጠገብ አስጠጋችው፤ አንዱ ሞኝ ውሃ እንዳይደፋባት ነው የምትለው። ባለ ቧንቧዋ ጉቶዋን ልትጠይቅ ብትመጣ ከበር መለሰቻት። እህትየው በሳምንት በሳምንት መጥታ አፈሩን በጣቷ ስትነካ መርፌ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ ያቺን ጣት ታያለች። አንድ ጊዜ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ለጉቶዋ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ አየች። ምን እንዳለቻት ለመጠየቅ ሶስት ቀን ታገለች፤ አልጠየቀችም፣ ግን ያን ቀን የሰፋችው ኮሌታ አንገት አያስገባም።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አናጢው ስራ ከሄደ በኋላ አየቻት። ከጉቶው ጎን፣ ከአፈሩ በላይ፣ የጣት ቆብ የምታህል፣ ቀላ ያለች እምቡጥ። ተንበረከከች። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየች። ሁለት ቅጠል ናቸው፣ እንደ ተጣጠፈ እጅ የተጋጠሙ።

ሮጣ ልትነግር ነበር፣ ለማን እንደሆነ ግን አሰበች። ለእሱ ብትነግረው ስልክ ይደውላል። ስልክ ከተደወለ እህትየው ትመጣለች፣ ጣቷን ትሰዳለች፣ ታንሾካሹካለች። ከእህትየው ሰፈሩ ይሰማል፤ ባለ ቧንቧዋ ‹የሟች እጅ ይባርካል› ትላለች። መርፌ የወደቀች ደረቅ ቅጠል አነሳችና እምቡጧ ላይ በስሱ ጣል አደረገችባት። ረቡዕ ገለጥ አድርጋ አየቻት። ሐሙስም። ሶስት ቀን ሙሉ ያቺ ወይራ የእሷ ብቻ ነበረች፤ በህይወቷ ያለ ተካፋይ የያዘችው ነገር ቢኖር ያ ነው።

አርብ ስራ አልነበረውም። መርፌ መኪናዋ ላይ ነበረች፣ ከጓሮ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ ሰፈሩ የሚጠራበትን ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን። ወጣች። አናጢው ተንበርክኳል፣ ደረቋን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዟል።

«ነይ እይ» አለ። «ማንም ሳያይ አንቺ እያት።»

መርፌ አጠገቡ ተንበረከከች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ዓይኗን አፈጠጠች፣ ‹አላምንም› አለች። ደህና አድርጋ ነው የተገረመችው፤ እንባዋ ግን የማስመሰል አልነበረም። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ብዙ ጊዜ አዩዋት።

ኋላ አናጢው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ለልጅቷ ልደውልላት?» አለ፣ እሷን አይቶ፤ እስከዛሬ ሲደውል አስፈቅዶ አያውቅም።

መርፌ የእምቡጧን ዙሪያ አፈር በጣቷ ጫፍ አስተካከለች።

«ምን ያስቸኩላል?» አለች።

አናጢው ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።